ስለ ሰው ፊት ማዳላት፤ በያዕቆብ መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ ላይ የተጻፈ ሐተታና ታሪክ

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ፥ የወርቅ ቀለበት ያደረገ ባለጸጋ ወደ ጉባኤ ሲገባ በክብር የሚያስቀምጡትን፥ እድፋም ልብስ የለበሰውን ድኃ ግን ቆመህ ቅር የሚሉትን ሰዎች ይገሥጻል። ይህም ተግሣጽ ስለ ሀብት ብቻ የተነገረ አይደለም። አንድም ስለ ዘር ነው፤ አንድም ስለ መልክ ነው፤ ሰው በሰው ላይ የሚመካበት ምክንያት ሁሉ በዚህ ቃል ይፈረድበታልና። ለዚህ ትርጓሜ ምስክር የሚሆን ነገር በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ ተደርጓል። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ታሪክ። ሪቻርድ አለን በ1760 በባርነት ተወለደ። እንጨት ፈልጦ፥ በጡብ ሥራ ውሎ፥ የጨው ጋሪ ነድቶ ባገኘው ገንዘብ ራሱን ከጌታው ገዝቶ ነጻ ወጣ፤ የወንጌልም ሰባኪ ሆነ። ባልንጀራው አብሳሎም ጆንስ አስቀድሞ የሚስቱን ነጻነት ገዛ፤ እርሱም በ1784 ነጻ ወጣ። በ1787 ሁለቱ ድኃውንና ባልቴቲቱን የሚረዳ የነጻ አፍሪካውያን ማኅበር አቋቋሙ።

ሁለቱም የሚጸልዩት በሜቶዲስቶች የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሕንጻው ሲስፋፋ ጥቁሮቹ ምእመናን ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን ሰጡ፤ ሥራው ሲፈጸም ግን ቦታችሁ በላይ በሰገነቱ ነው ተባሉ። አንድ እሑድ ተንበርክከው ሲጸልዩ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ሹማምንት አንዱ አብሳሎም ጆንስን ይዞ ከጉልበቱ ያነሣው ጀመር። እርሱም ጸሎቱ እስኪፈጸም ታገሠኝ ብሎ ለመነው፤ ሹሙ ግን እንቢ አለ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጥቁሮቹ ሁሉ በአንድነት ተነሥተው ወጡ። ዘመኑን አንዳንዶች 1787 ይሉታል፤ ሌሎች 1792 ነው ይላሉ።

በ1793 በከተማይቱ ቢጫ ወባ ገብቶ 5,000 ያህል ሰው ፈጀ። ብዙ ሰው ሲሸሽ አለንና ጆንስ ወገኖቻቸውን አሰማርተው በሽተኛ አስታመሙ፥ ሬሳም ቀበሩ፤ ከነርሱም ብዙዎች ሞቱ። በሽታው ሲያልፍ ግን ከጥቁሮቹ አንዳንዶቹ በሽተኞችን በዝብዘዋል የሚል መጽሐፍ ታተመባቸው። ሁለቱም በ1794 የተቀበሉትንና ያወጡትን ገንዘብ ቈጥረው መልሳቸውን አሳተሙ። እንግዲህ የተገፋውን ሕዝብ ታሪክ የሚያከብር፥ የተገፋው ራሱ የጻፈውን አስቀድሞ ያንብብ፤ በገፋው ወገን መጽሐፍ ብቻ አይፍረድ።

በዚያው ዓመት አለን ቤቴል የምትባለውን ቤተ ክርስቲያን አቆመ። ነጮቹ አለቆች ግን በሕንጻዋና በመስበኪያዋ እናዛለን ብለው ብዙ ዘመን ተከራከሩ፤ በ1816 የፔንሲልቫኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለቤቴል ፈረደ። በዚያ ዓመት የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች፤ አለንም ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። በ1831 ዐረፈ፤ መቃብሩም በቤቴል ነው።

ሐተታ። የራሳቸውን ቤት ካገኙ ነገሩ ተፈጸመ የሚል ቢኖር አልተፈጸመም። የገፋቸው ወገን ኃጢአቱን ይዞ ቀርቷልና። በ1939 የሜቶዲስት ማኅበራት ሲዋሐዱ እንኳ ጥቁሮቹን በመልካቸው ለይተው በአንድ ክፍል አደረጓቸው፤ ይህ ክፍል እስከ 1968 ቆየ። በ2000 ጠቅላላ ጉባኤያቸው በክሊቭላንድ ከተማ ስለዚህ በደል የንስሐ ጸሎት አደረገ። በ2009 የቤቴል ምእመናን አባቶቻቸው ወጥተውበት ወደ ነበረው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገብተው ከዚያ ካሉት ጋራ አብረው ጸለዩ።

ይሁን እንጂ ንስሐ በቃል ብቻ አይፈጸምም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ፥ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ እንጂ አዝናለሁ ብሎ አልተቀመጠም። የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኮሳት በ1838 በሜሪላንድ 272 ባሮች ሸጠው፥ ከዋጋው የጆርጅታውን ትምህርት ቤት ዕዳ ከፈሉ። በ2017 ማኅበሩና ትምህርት ቤቱ የተሸጡትን ሰዎች ልጆች ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2021 ማኅበሩ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ። ቃል መግባት ግን ከመክፈል እንዲለይ የዘኬዎስን ታሪክ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል።

ዳዊት በ67ኛው መዝሙር ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር እንደምትዘረጋ ተናግሯል። በአሜሪካ ያሉ ጥቁሮች ክርስቲያኖች ይህን ቃል ስለ እኛ የተነገረ ተስፋ ነው ብለው ያዙት። በ1808 በኒው ዮርክ በመቀመጫ መለየትን እንቢ ብለው ከባፕቲስቶች ቤተ ክርስቲያን የወጡትም አዲሲቱን ቤታቸውን አቢሲኒያ ብለው ሰየሟት። የተገፉት በዚህ ስም ሲጽናኑ፥ በኢትዮጵያ በመኳንንት ቤት ባሪያ ይገዛ ነበር፤ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ የሚያነብ ካህን ወይም መኰንን የሩቅ አገር ኃጢአት ነው ብሎ አይለፈው። ካህኑ የባሪያ ልጅ ተብሎ የሚናቀውን በማኅበርና በማዕድ የት እንዳስቀመጠው ይመርምር፤ መኰንኑም ያለ ዋጋ ባሠሩት ሰዎች ጉልበት የለማው ርስት በማን እጅ እንዳለ ይጠይቅ። ሐዋርያው አድልዎን ኃጢአት ያለው ቦታና ዘመን ለይቶ አይደለምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።