ያልደረቀ ዋንዛ

የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ስለሚወጣ የሚላቀቅ መገጣጠሚያ የለውም። ጅማ ሙዚየም ገብቶ የንጉሥ አባ ጅፋርን ዘመን ዕቃዎች ያየ ሰው የጠራቢዎቹን እጅ ያደንቃል። ቁም ሣጥን ግን ከብዙ ሳንቃ የሚገጠም የከተማ ዕቃ ነው፤ እንጨቱ ሳይደርቅ ከተሠራ ቤት ገብቶ ይጣመማል። እኔም ቀብድ ከፍዬ ያሠራሁት የዋንዛ ቁም ሣጥን፣ በክረምት ደህና የነበረው በሩ በበጋ አልዘጋ አለ።

ድሮ በአሠሪና በአናጺ መካከል እንዲህ ያለ ጠብ ሲነሳ በሽማግሌ ያልቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በሽያጭ ክፍሉ ገዢ ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ለሻጭ እንዲያስታውቅ ይላል። ተገቢ ደንብ ነው፤ ዝም ብሎ የከረመ ሰው ክርክሩ ይደክማል።

እኔም ሳልዘገይ ብነግረው፣ አናጺው «እትዬ፣ በመላጊያ ልንካው» አለኝ። እምቢ አልኩ፤ እርጥብ እንጨት ዛሬ ቢላግ ነገም መጣመሙ አይቀርም። ጎኖቹና መደርደሪያዎቹ ደህና ስለነበሩ ሙሉውን አልመለስኩም፤ በሩ በደረቀ ሳንቃ እንዲቀየር ተስማማን፣ ቀየረውም።

ዕቃ የምታሠሩ ሁሉ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ሳንቃው መቼ እንደተሰነጠቀና የት እንደደረቀ ጠይቁ።