ፕራየር ፓርክ፦ የገዳም ጉልት የነበረው ሸለቆ

ባዝ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1936 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. በስደት የኖሩት በዚችው የእንግሊዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሀውስ በተባለው ቤት ነው። ከመሀል ከተማው በስተደቡብ፣ በኮረብታ ጉያ ስላለው ስለ ፕራየር ፓርክ ሸለቆ ግን በእኛ ቋንቋ እምብዛም አይወራም።

ፕራየር የመነኮሳት አለቃ ማለት ነው። በባዝ የአበምኔትነቱ ማዕረግ የጳጳሱ ስለነበር፣ ገዳሙን በየዕለቱ የሚያስተዳድረው ፕራየሩ ነበር። ፓርክ የሚለው ቃል ደግሞ በመካከለኛው ዘመን እንደ ዛሬው መናፈሻ አልነበረም፤ ዙሪያውን ታጥሮ ለባለመሬቱ አደንና ማዕድ አጋዘን የሚጠበቅበት ቦታ ነበር። ስሙ እንግዲህ የገዳሙ አለቃ የአጋዘን ክልል ማለት ነው፤ እኛ ብንሆን የገዳም ጉልት እንለው ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ሲዘጋ የባዙም በ1539 ተዘጋ። መነኮሳቱ ተበተኑ፣ መሬቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ስሙ ብቻ ቀረ።

ሸለቆውን ዛሬ በምናየው መልክ ያበጀው ራልፍ አለን ነው። ገና በወጣትነቱ በ1712 የባዝ ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነ። በኋላም ደብዳቤ ለንደን ሳይደርስ ከአውራጃ ወደ አውራጃ በቀጥታ የሚሄድበትን አሠራር ዘርግቶ ከበረ። በገንዘቡም ከሸለቆው በላይ ያለውን የኩም ዳውን የድንጋይ ካባ ገዛ። የባዝ ድንጋይ ማር የመሰለ ቀለም አለው፤ ከመሬት ሲወጣ ለመጋዝ የለሰለሰ ነው፣ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። የለንደን አርክቴክቶች ናቁት። አለን መልሱን በክርክር አልሰጠም፤ በአርክቴክቱ በጆን ውድ አማካይነት በሸለቆው አናት ላይ በዚያው ድንጋይ ትልቅ ቤት አሠራ፣ ከተማው ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያየው።

የጎብኚዎች የእግር መንገድ ከዚህ ቤት ግርጌ ቁልቁል ይወርዳል። በላይኛው በኩል ባለቅኔው አሌክሳንደር ፖፕ ያማከረበት ጫካ መሰል አትክልት አለ። መሀሉ በ1760ዎቹ የአትክልት ንድፍ ባለሙያው ኬፓቢሊቲ ብራውን ያስተካከለው ሰፊ ሣር ነው፤ ታች ኩሬዎቹ ይታያሉ። ከኩሬዎቹ መካከል በ1755 የተጀመረው ፓላዲያን ድልድይ ቆሟል፤ ጣሪያና ዓምድ ያለው፣ በዓለም ከቀሩት አራት ብጤዎቹ አንዱ። ዓምዶቹን ጠጋ ብሎ ያየ፣ የጥንት ጎብኚዎች በቢላ የፈለፈሏቸውን ስሞችና ዓመታት ያገኛል፤ አንዳንዱ ፊደል የድንጋይ ጠራቢ እጅ እስኪመስል ድረስ ያማረ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚመስጠኝ ከአትክልቱ አጥር ውጭ ያለው አስፋልት ነው። አለን ድንጋዩን ከካባው እስከ ኤቨን ወንዝ ዳርቻ የሚያወርድበት የእንጨት ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። የተጫኑት ፉርጎዎች በገዛ ክብደታቸው ቁልቁል ይንሸራተታሉ፣ ባዶዎቹን ፈረሶች ሽቅብ ይጎትቷቸዋል። አለን በ1764 ሲሞት ሐዲዱ ተነቀለ። ዛሬ በዚያው መስመር የሚያልፈው መንገድ ራልፍ አለን ድራይቭ ይባላል። በእኔ ፍርድ ይህ ተገቢ ስያሜ ነው። ባለጠጋው የመነኮሳቱን ስም ፍቆ የራሱን አልጻፈም፤ የእሱ መጠሪያ ላብ በፈሰሰበት መንገድ ላይ ወጣ። የካባ ሠራተኞቹ ግን በሸለቆው ስም ውስጥ አንዳች ድርሻ አላገኙም። ይህ ያሳዝነኛል፣ ቤቱም ድልድዩም ከእነሱ እጅ የወጣ ድንጋይ ነውና።

ቤቱ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው፤ አትክልቱን ከ1993 ጀምሮ ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ይጠብቀዋል። ፌርፊልድ ሀውስን ልታዩ ወደ ባዝ የምትሄዱ ወገኖች፣ ግማሽ ቀን ጨምሩና ይህንንም ሸለቆ እዩት። ዳገቱ ይከብዳልና ስትወጡ አውቶቡስ ያዙ፣ ስትመለሱ በሐዲዱ መስመር በእግራችሁ ውረዱ።