ካሊፕሶ (ሳተላይት)

ካሊፕሶ የአሜሪካው ናሳና የፈረንሳይ ብሔራዊ የጠፈር ምርምር ማዕከል በጋራ ያመጠቁት፣ ደመናንና በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ብናኞችን በሌዘር ጨረር የሚለካ ሳተላይት ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2006 (ሚያዝያ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.) ከካሊፎርኒያ ተወነጨፈ፤ ሥራውን ያቆመው በኦገስት 2023 ነው። ትልቁ ጥቅሙ ሌሎች ሳተላይቶች ሳያዩ የሚያልፏቸውን ስስ የበረዶ ደመናዎች ማየት መቻሉ ነው።

እነዚህ ሲረስ የሚባሉ ደመናዎች በሐሩር አካባቢ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ጭምር ይገኛሉ። በጣም ከመሳሳታቸው የተነሣ አንዳንዶቹ በላያቸው ከሚያርፈው ብርሃን 3 በመቶውን እንኳ አያስቀሩም፤ ከመሬት ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ሰማዩ ጥርት ያለ ይመስላል። ይሁን እንጂ የፀሐይን ብርሃን ወደ ታች አሳልፈው፣ ከምድር ወደ ጠፈር ከሚወጣው ታህተ ቀይ ጨረር ከፊሉን ስለሚይዙ በጥቅሉ ምድርን ያሞቃሉ። ወፍራምና ዝቅተኛ ደመና ግን ብርሃኑን ወደ ላይ ስለሚመልስ ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ለአየር ንብረት ስሌት ደመና መኖሩን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ከፍታው፣ ውፍረቱ፣ ከበረዶ ወይም ከውኃ መሠራቱም መታወቅ አለበት።

አሠራር

የሳተላይቱ ዋና መሣሪያ ካሊዮፕ የተባለ ላይዳር ነው። ላይዳር እንደ ራዳር ይሠራል፤ ልዩነቱ በራዲዮ ሞገድ ፈንታ ብርሃን መላኩ ነው። ካሊዮፕ በሰከንድ 20 ጊዜ ያህል በ532 ናኖሜትር (አረንጓዴ) እና በ1064 ናኖሜትር (ታህተ ቀይ) የሌዘር ብልጭታ ወደ ታች ይልክና ተመላሹን ብርሃን 1 ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ይሰበስባል። ብርሃኑ ለመመለስ ከወሰደበት ጊዜ የደመናው ከፍታ ይሰላል። ሳተላይቱ በ705 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲዞር ብርሃኑ ምድር ደርሶ የሚመለሰው በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ በመሆኑ፣ የአንዱ ብልጭታ ምላሽ ከሚቀጥለው ጋር አይደባለቅም።

በጣም የሳሳ ደመና በአንድ ብልጭታ አይታይም፤ ምላሹ ከጩኸቱ፣ በተለይም ቀን ከፀሐይ ብርሃን ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተገኙ ብዙ ምላሾችን በአማካይ ያሰላል። ደካማው ምልክት ይወጣል፤ የደመናው ጠርዝ ግን ይደበዝዛል። የሌሊት መረጃ የሚሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በረዶን ከውኃ ለመለየት የሚረዳው ፖላራይዜሽን፣ ማለትም የብርሃኑ ሞገድ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ነው። ክብ የውኃ ጠብታ ብርሃኑን በአንድ ጊዜ ሲመልስ አቅጣጫውን አይለውጥም፤ ባለ ብዙ ጎን የበረዶ ቅንጣት ግን ይለውጠዋል። አንድ ችግር ግን ነበር፦ ጠፍጣፋ ቅንጣቶች አግድም ሲንሳፈፉ እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቁ አቅጣጫውን አይለውጡም፤ በረዶው ውኃ መስሎ ይታያል። ይህን ለመቀነስ በኖቬምበር 2007 የሌዘሩ ዘንበል ከ0.3 ወደ 3 ዲግሪ ከፍ ተደረገ።

ላይዳር ወፍራም ደመናን ዘልቆ አያይም። ይህን ክፍተት በዚያው ሮኬት የመጠቀው ክላውድሳት በራዳር ይሞላ ነበር። በሜይ 2024 የመጠቀው የአውሮፓና የጃፓን ኧርዝኬር ደግሞ ላይዳሩንም ራዳሩንም በአንድ ሳተላይት ላይ ይዟል።