ብርቱካንማው ፊልም ከየት መጣ?

የቀለም ፎቶግራፍ ነጌቲቭን ወደ ብርሃን አንሥቶ የተመለከተ ሰው ሰማዩን ቡናማ፣ ቅጠሉን ሐምራዊ ሆኖ ያገኘዋል፤ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ብርቱካንማ መልክ ይታያል። ብዙ ሰዎች ፊልሙ በእርጅና የተበላሸ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ መልኩ ታስቦበት የተሠራ ነው። የተሠራበትንም ምክንያት ያላወቀ ሰው ነጌቲቩን በስካነር ወደ ኮምፒዩተር ሲገለብጥ እውነተኛውን ቀለም ማግኘት ይቸግረዋል። እኛ የፎቶግራፍ ክበብ አባሎች ለዚህ የበዓል መጽሔት የሚሆኑትን የቀድሞ ተማሪዎች ፊልሞች በየቤታችን ስንገለብጥ ይህንኑ ስለ ተረዳን፣ ታሪኩን ለአንባብያን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1861 ለንደን ውስጥ በሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ አንድ ዝንጉርጉር ሪባን ለተመልካቾች አሳየ። ሪባኑ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ በየተራ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበር፤ አንሺውም ቶማስ ሰተን ይባላል። ሦስቱ ሥዕሎች በየቀለማቸው ብርሃን ተደራርበው በተጣሉ ጊዜ የሪባኑ ቀለም ታየ። የሚያስገርመው ግን የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ መስታወት ቀይ ብርሃንን ከቶ የማያይ መሆኑ ነው። ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ራልፍ ኤቫንስ ነገሩን ቢመረምረው፣ በቀዩ ማጣሪያ በኩል አልፎ ሥዕሉን የሠራው ዐይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሆኖ ተገኘ። ማክስዌል ዕድለኛ ሰው ነበር! የኤቫንስን ስም ግን አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሉሚዬር ወንድማማቾች በድንች ስታርች ቅንጣት የሠሩትን አውቶክሮምን (1907) እና ኮዳክሮምን (1935) አልፈናቸው እንሄዳለን፤ ሁለቱም የሚታየውን ሥዕል ራሱን የሚሰጡ እንጂ ነጌቲቭ አልነበሩም። በወረቀት የሚታተመው የቀለም ነጌቲቭ ኮዳከለር በሚል ስም በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው በ1942 ነው። በእንዲህ ያለው ፊልም ላይ ሦስት ድርብርብ ንጣፎች አሉ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ ብርሃን ይቀበላል። ፊልሙ ሲታጠብ በመጀመሪያው ላይ ቢጫ፣ በሁለተኛው ላይ ደማቅ ሮዝ፣ በሦስተኛው ላይ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ይወለዳል። ችግሩ ቀለሞቹ ንጹሐን አለመሆናቸው ነው። ሮዙ አረንጓዴ ብርሃንን ብቻ ማገድ ሲገባው ሰማያዊውንም በጥቂቱ ያግዳል፤ ውሃ ሰማያዊውም ቀዩን ብቻ ማገድ ሲገባው ከሌሎቹ ይሰርቃል። በዚህ ምክንያት የሚታተመው ሥዕል ቀለሙ የቆሸሸ ይሆናል።

መፍትሔውን በ1940ዎቹ ዓመታት ያገኘው ሀንሰን የተባለ የኮዳክ ኬሚስት ነው። ብልሃቱ እጅግ ያስደንቃል። ሮዙን ቀለም የሚወልደውን ንጥረ ነገር ራሱን አስቀድሞ ቢጫ አደረገው። ሮዙ በተወለደበት ስፍራ ቢጫው ይጠፋል፤ ባልተወለደበት ስፍራ ቢጫው ይቀራል። ስለዚህ ያ ያልተፈለገ እገዳ በፊልሙ ላይ በየትም ስፍራ እኩል ይሆናል፤ በየትም ስፍራ እኩል የሆነ ነገር ደግሞ በአንድ ጊዜ ተቀንሶ ሊወጣ ይችላል። የውሃ ሰማያዊው ወላጅም እንዲሁ ቀላ ያለ መልክ ተሰጠው። ቢጫና ቀይ ሲደራረቡ ብርቱካንማ ይሆናሉ።

ከዚያ በኋላ ማተሙ መጣ። ፎቶ ቤቶች ብዙ ሥዕል በፍጥነት ማተም ስለ ነበረባቸው ለእያንዳንዱ ቀለም መምረጥ አይችሉም ነበር። ቀደም ብለን የጠቀስነው ኤቫንስ በ1951 ባገኘው ፓተንት፣ በአንድ ሥዕል ውስጥ ያሉት ቀለሞች ሁሉ ቢቀላቀሉ ግራጫ ይወጣቸዋል የሚል ግምት አቀረበ። ግምቱ ለብዙ ሥዕል ይሠራል። ነገር ግን አንዲት ልጅ በአደይ አበባ በተሸፈነ መስክ ላይ ቆማ ብትነሣ፣ መሣሪያው ቢጫው ከመጠን ያለፈ መስሎት ሰማያዊ ይጨምራል፤ አበባው ይጠወልጋል፣ የልጅቱም ነጠላ ሰማያዊ ይሆናል። ዛሬም በስካነሮች ላይ ያለው «አውቶማቲክ» ቁልፍ ብዙውን ጊዜ የሚስተው በዚሁ ዓይነት ግምት ነው።

የቀድሞውን ኅትመት አይቶ ማስተካከልስ አይቻልም ወይ? እኛ አልወደድነውም። ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች ይልከው በነበረው የማመሳከሪያ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ማተሚያው በእርሷ ፊት መልክ ሲስተካከል፣ ጠይም ፊት ከነጭ ልብስ ጋር ሲነሣ ድፍን ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ነጌቲቩ ግን ከኅትመቱ ይልቅ ብዙ ነገር ይዞ ይቈያል። በአልበም ውስጥ ዐይናቸው እንኳ የማይለይ መምህር በነጌቲቩ ላይ ፈገግ ብለው አገኘናቸው።

ስለዚህ የምንሠራው እንደሚከተለው ነው። አውቶማቲኩን አጥፍተን ፊልሙን እንዳለ ከነብርቱካንማው እንገለብጣለን። ብርቱካንማው ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚያሳንስ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ አይበቃም፤ 65,536 ደረጃ የሚሰጠውን ባለ 16 ቢት እንመርጣለን። ዋናው ነገር በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለው ባዶ ስፍራ ነው፤ በዚያ ላይ ብርቱካንማው ብቻ ስላለ፣ እርሱን ለክተን ሦስቱን ቀለሞች እኩል እናደርጋለን። ያንኑ ልክ ለጥቅሉ ሁሉ እንጠቀምበታለን፤ ለሌላ ጥቅል ግን እንደ ገና እንለካለን፤ ምክንያቱም የፊልሙ ዓይነት ይለያያል፣ «ሲ 41» ተብሎ የሚታወቀው የአስተጣጠብ ዘዴም የመጣው በ1972 ነው። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን ገልብጠን ሦስቱን ቀለሞች አንድ በአንድ እናስተካክላለን፤ ቀለሞቹ በእርጅና የሚደበዝዙት እኩል አይደለምና። ለማመሳከሪያ ነጠላና ጋቢ ይረዳሉ፤ ሆኖም በእጅ የተፈተለ ጥጥ እንደ ወረቀት ነጭ ስላልሆነ ጥቂት ወተትማነቱን እንተውለታለን።

አንድ የቀድሞ ተማሪ ፊታቸውን ጥቂት ፈካ እንድናደርግላቸው ጠይቀውን ነበር። ነጌቲቩ የያዘውን አሳየናቸው፤ ዝም ብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱትና «እንዲሁ ይሁን» አሉን።

ወላጆች ኅትመቱን ይዛችሁ ነጌቲቩን አትጣሉ፤ በወረቀት ጠቅልላችሁ ከሙቀትና ከእርጥበት አርቁልን። በዚህ መጽሔት ያሉት የድሮ የቀለም ሥዕሎች ሁሉ በተጠቀሰው መንገድ የተገለበጡ ናቸው። ከአንዱ ጥቅል ላይ ቢጫው ቀለም ጨርሶ ስለ ጠፋ ግን፣ የዚያ ጥቅል ሥዕሎች በጥቁርና በነጭ ታትመዋል።