ቦምቡ ረቂቁን ቀደመው

መጋቢት 5 ቀን በእኛ ዘንድ የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መታሰቢያ ሆኖ ሲከበር ይኖራል፤ በመስኮብ (በሩሲያ) አገር ግን ይኸው ቀን፥ በ1873 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ አሌክሳንደር በመናገሻ ከተማቸው በሴንት ፒተርስበርግ፥ ከአንድ የውሃ ቦይ ዳር፥ በቦምብ ተመትተው ያረፉበት ዕለት ነው። ቀኑ ሰንበት፥ ወራቱም ዐቢይ ጾም ነበረ፤ በእነርሱ ሥርዓት የጾሙ የመጀመሪያ እሑድ ሲሆን፥ በእኛ ሦስተኛው፥ ጌታ በቤተ መቅደስ ይነግዱ የነበሩትን ማስወጣቱ የሚነበብበት ምኵራብ ነበረ።

ሽብርን መሣሪያ ያደረጉ ማኅበራት ዓላማቸውን በደም መንገድ የሚፈልጉት ስለ ምን ነው የሚለው ጥያቄ በየጊዜው በሚነሣበት በዚህ ዘመን፥ ወደዚያ ቦይ ዳር ተመልሶ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል፤ ምክንያቱም ያን ቦምብ ያዘጋጀው «የሕዝብ ፈቃድ» የተባለው ማኅበር፥ ግድያን በጉባኤ መክሮበት፥ በመርሐ ግብር ጽፎት፥ በኅቡዕ ማተሚያው አትሞ ለዓለም ካስረዱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ስለ ሆነ፥ የኋለኞቹ በብዙ ቃል የሚሸፍኑት ሐሳብ በእርሱ ዘንድ ግልጥ ሆኖ ይገኛል። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ ለብዙ አንባቢ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። ዳግማዊ አሌክሳንደር በ1861 ዓመት ከመሬቱ ጋር ይሸጡና ይለወጡ የነበሩትን ከ20 ሚሊዮን የሚበልጡ ገባሮች በአዋጅ ነጻ ስላወጡ «ነጻ አውጪው» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር። ነገር ግን ገበሬው ለደረሰው መሬት በ49 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ ዕዳ ስለ ተጫነበት፥ ሕዝቡም በመንግሥቱ ጉዳይ ቃሉን የሚያሰማበት ሸንጎ ስላልተፈቀደለት፥ የተማረው ወጣት ልቡ ሸፈተ። በ1874 በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች የገበሬ ልብስ ለብሰው፥ ሕዝቡን እናስተምራለን፥ እናስነሣለን ብለው ወደ ገጠር ወረዱ፤ ገበሬው ግን ለንጉሡ የነበረው ፍቅር ገና ስላልበረደ፥ ንግግራቸውም እንግዳ ስለ ሆነበት፥ አንዳንዱን ዝም ብሎ ሸኘው፥ አንዳንዱንም ለፖሊስ አሳልፎ ሰጠው። ከተያዙትም መካከል 193ቱ በአንድ መዝገብ ተከሰው ለፍርድ ቀረቡ።

የነገሩ ሥር ያለው ከዚህ ላይ ነው። ሕዝብ አልነሣም ባለ ጊዜ ለወጣቶቹ ሁለት መንገድ ቀረላቸው፤ አንዱ ዓመታትን ታግሦ ማስተማር፥ ሁለተኛው ደግሞ ሕዝቡ ያደርገዋል ብለው ተስፋ ያደረጉትን እነርሱ ራሳቸው በሕዝቡ ስም ማድረግ ነበረ። በ1878 መጀመሪያ ቬራ ዛሱሊች የምትባል ወጣት፥ አንዱን የፖለቲካ እስረኛ በበርች አለንጋ ያስገረፉትን የመናገሻ ከተማውን ገዥ ጄኔራል ትሬፖቭን በሽጉጥ አቆሰለች፤ ለፍርድም በቀረበች ጊዜ የሕዝብ ዳኞቹ ጥፋተኛ አይደለችም ብለው ለቀቋት፥ ከችሎቱ ውጭ የቆመውም ሕዝብ በእልልታ ተቀበላት። ይህም ፍርድ ለጓደኞቿ፥ አንዲት ጥይት የዓመታት ስብከት ያላደረገውን ታደርጋለች የሚል ትምህርት ሆነላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ማኅበራቸው ለሁለት ተከፈለ፤ እነ ፕሌኻኖቭ ግድያ ሥራችንን ያጠፋል ብለው ሲለዩ፥ የቀሩት «የሕዝብ ፈቃድ» የተባለውን አቋቁመው፥ አስፈጻሚ ጉባኤያቸው በ1879 ነሐሴ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ።

የጉባኤው አባላት ከጥቂት ደርዘን አይበልጡም ነበር። ባሳተሙት መርሐ ግብር ውስጥ ለሽብር የሰጡት ምክንያት ግን የሺህ ሠራዊት ትዕቢት አለበት፤ ይኸውም በመጀመሪያ ጨካኝ ሹማምንትንና ሰላዮችን መቅጣትና ማኅበሩን መጠበቅ፥ ሁለተኛም የመንግሥቱን ግርማ መስበር፥ ሦስተኛም መንግሥትን መታገል እንደሚቻል ሳያቋርጡ በግብር በማሳየት የሕዝቡን መንፈስ ማንቃት ነው። ሥልጣን ሁሉ በአንድ ሰው እጅ በተጠቀለለበት አገር ያን አንድ ሰው መምታት መንግሥቱን ሁሉ መምታት መስሎ ታያቸው፤ በዚያም ላይ ሠራዊት ለሌለው፥ ግብር ለማይሰበስብ፥ ጋዜጣውን በድብቅ ለሚያትም ማኅበር ዲናሚት ርካሽ መሣሪያ ነበረ። የማኅበሩን ቦምቦች የቀመረው የቄስ ልጅ የሆነው ኒኮላይ ኪባልቺች ሲሆን፥ ይህ ሰው ኋላ የሞት ፍርዱን በእስር ቤት ሲጠባበቅ በሮኬት ኃይል ወደ ሰማይ የሚወጣ መርከብ ንድፍ መሥራቱን ያሰበ ሰው፥ ይህን ያህል ልዩ ተሰጥዎ ለጥፋት በመዋሉ ለማዘን ይገደዳል።

ከዚህ በኋላ አደኑ ተጀመረ። በ1879 ኅዳር ንጉሠ ነገሥቱ አሉበት ብለው በሞስኮ አቅራቢያ ያፈነዱት ባቡር የሌላ ሆኖ ተገኘ። በ1880 የካቲት ስቴፓን ኻልቱሪን የሚባለው አባል፥ በክረምቱ ቤተ መንግሥት በአናጢነት ተቀጥሮ፥ ዲናሚቱን በጥቂት በጥቂት አስገብቶ ከግብር ቤቱ በታች አፈነዳው፤ ግብሩ በእንግዳ መዘግየት ምክንያት ስለ ዘገየ ንጉሡ ሲተርፉ፥ 11 ሰዎች ሞቱ፥ ከ50 የሚበልጡም ቆሰሉ። የሞቱት በአብዛኛው የዘብ ወታደሮች፥ ማለት ማኅበሩ እቆምለታለሁ የሚለው የገበሬው ልጆች ነበሩ።

ከዚህም ፍንዳታ የተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ አርመናዊውን ጄኔራል ሎሪስ ሜሊኮቭን በሰፊ ሥልጣን ሾሙ። እርሳቸውም በአንድ እጃቸው ሴረኞችን እያሳደዱ በሌላው እጃቸው የተጠላውን የምስጢር ፖሊስ መሥሪያ ቤት ዘጉ፥ የጋዜጦችንም ቀንበር አቀለሉ፤ በ1881 መግቢያም ከየአውራጃው ሸንጎና ከከተሞች የተመረጡ ሰዎች በሕግ ረቂቅ ሥራ ገብተው ምክር እንዲሰጡ የሚፈቅድ ሐሳብ በምስጢር አቀረቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሐሳቡን ተቀብለው፥ የማስታወቂያውን ረቂቅ ያጸደቁትና ሚኒስትሮቹ ከሦስት ቀን በኋላ ተሰብስበው እንዲነጋገሩበት ያዘዙት፥ እንግዲህ በዚያው በመጋቢት 5 ቀን ጧት ነበረ።

በዚያው ሰዓት የማኅበሩ ሰዎች በየስፍራቸው ነበሩ። መሪያቸው ከገባር ቤተ ሰብ የተወለደው ዜልያቦቭ ከሁለት ቀን በፊት ስለ ተያዘ፥ ሥራውን የተረከበችው የቀድሞው የፒተርስበርግ ገዥ ልጅ ሶፍያ ፔሮቭስካያ ናት። ንጉሡ ዘወትር እሑድ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ማኅበሩ ባልና ሚስት የመሰሉ ሁለት አባላት ያስቀመጠበት የአይብ ሱቅ ነበረው፤ ከሱቁም ሥር እስከ መንገዱ መካከል ዋሻ ተቆፍሮ ፈንጂ ተቀብሮበታል። በዋዜማው አንድ የመንግሥት ጄኔራል ሱቁን መርምሮ አንዳች አላገኘም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የዘብ ጦሩን ሰልፍ ካዩ በኋላ የአጎታቸው ልጅ ዘንድ ጎራ ብለው በቦዩ ዳር ተመለሱ፤ ይህን ያየችው ፔሮቭስካያ በነጭ መሐረብ ምልክት ሰጥታ ቦምብ ወርዋሪዎቹን ወደ ቦዩ አዛወረች።

የመጀመሪያውን ቦምብ የወረወረው የ19 ዓመቱ ሪሳኮቭ ነው። ሠረገላው ጽኑ ስለ ነበረ ንጉሡን ምንም ሳያገኛቸው፥ ከአጃቢዎቹ አንድ ኮሳክና በመንገድ ያልፍ የነበረ አንድ ልጅ ወደቁ። ነጂው ቶሎ እንሂድ ቢላቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ከሠረገላቸው ወርደው ወደ ቁስለኞቹና ወደ ተያዘው ወጣት ሄዱ፤ ከጉዳት መትረፋቸውን ሲናገሩም ሪሳኮቭ፥ ለምስጋናው ገና ነው የሚል ቃል መለሰ ይባላል። ወዲያውም ግሪኔቪትስኪ የተባለው ሁለተኛው ሰው ቦምቡን በንጉሡና በራሱ እግር መካከል ጣለ። እግሮቻቸው ተሰባብረው በበረዶው ላይ የወደቁትን ንጉሥ ለማንሣት ከተጣደፉት ሰዎች አንዱ፥ ሦስተኛውን ቦምብ በብብቱ እንደ ያዘ፥ ከሴረኞቹ አንዱ የነበረው ኤሜልያኖቭ መሆኑ ኋላ ታወቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ቤተ መንግሥት ተወስደው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ዐረፉ፤ ገዳያቸውም በዚያው ሌሊት፥ ስሙን ሳይናገር ሞተ።

ብዙ ክርክር የተነሣው እንግዲህ ስለዚያ ረቂቅ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች፥ መስኮብ ሕገ መንግሥት ሊያገኝ አንድ እርምጃ ቀርቶት ሳለ ቦምቡ አሳጣው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፥ ወረቀቱ ሕገ መንግሥት አልነበረም፥ ለተመረጡት ምክር ከመስጠት በቀር ሥልጣን አይሰጥም ነበር፥ እርሱም ቢሆን ከቤተ መንግሥቱ ፍንዳታ በፊት ያልታሰበ የፍርሃት ልጅ ነው ብለው ይመልሳሉ። በወረቀቱ ቃል ረገድ ሁለተኞቹ እውነት አላቸው። ነገር ግን ንጉሡ ከሞቱ ከሰባት ቀን በኋላ አልጋቸውን የወረሱት አዲሱ ንጉሥ ሚኒስትሮቹን ሰብስበው ስለ ረቂቁ በጠየቁ ጊዜ፥ አብዛኞቹ ሲደግፉት፥ የሲኖዶሱ የበላይ ሹም ፖቤዶኖስትሴቭ፥ የሟቹ ሬሳ ገና ሳይቀበር ሕዝብን ለማማከር ማሰብ ጥፋት ነው እያሉ አጥብቀው ተናገሩ፤ ያን ቃል ያከበደውም ሬሳው ነበረ። ከሁለት ወር በኋላም ፍጹም ሥልጣን ሳይሸራረፍ እንዲጠበቅ አዋጅ ወጣ፥ ሎሪስ ሜሊኮቭም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጠባብ በር በር ነው፤ የከፈተውም ፍርሃት ቢሆን፥ የዘጋው ቦምቡ ነው።

ፔሮቭስካያ ስለ ረቂቁ ብታውቅ እጇን ትሰበስብ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ለመልሱ ግን የኅቡዕን ኑሮ ማየት ያሻል። በኅቡዕ የሚኖር ሰው በሐሰት ስም ይጠራል፥ በየጊዜው ቤት ይለውጣል፥ ከጓደኞቹ በቀር የሚያነጋግረው የለውም፤ ጓደኞቹም የተያዙትን፥ የተሰቀሉትን እያሰቡ ይኖራሉ፤ እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ሥራውን ማቋረጥ ሙታንን መክዳት ይመስላል፥ የሞተውም በበዛ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለሰው መንገድ ይጠባል። ስለዚህ ለዓላማ ይሆናል ተብሎ የተጀመረው ግድያ እያደር ማኅበሩን የሚያቆመው ምሰሶ ራሱ ይሆናል። ከዚህ በላይ መሄድ መገመት ነው።

ፍጻሜው ይታወቃል። ገበሬው አልተነሣም። ፔሮቭስካያ፥ ዜልያቦቭ፥ ኪባልቺች፥ ሪሳኮቭና ሚኻይሎቭ የተባለው ሌላው አባል በሚያዝያ መጀመሪያ በአደባባይ ተሰቀሉ፤ እርስዋም በመስኮብ በፖለቲካ ወንጀል የተሰቀለች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አስፈጻሚ ጉባኤው ለአዲሱ ንጉሥ፥ ለእስረኞች ምሕረት ቢደረግና የሕዝብ እንደራሴዎች ቢጠሩ ትግሉን እንተዋለን ብሎ ደብዳቤ ቢጽፍም መልስ አላገኘም፤ የደብዳቤው ዋና ጸሐፊ ቲኾሚሮቭ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐሳቡን ለውጦ የንጉሥ ወገን ሆነ። ንጉሡ በሞቱበት ዓመት በደቡቡ ክፍል በአይሁድ ላይ ዝርፊያና ግድያ ተነሣ፤ ለጊዜው ተብሎ የወጣው የጸጥታ ሕግም እየታደሰ እስከ 1917 ድረስ ጸና። የንጉሠ ነገሥቱ ደም በፈሰሰበት ስፍራ የተሠራው የክርስቶስ ትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በቦዩ ዳር ይታያል።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በዚያው በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው በሞቱ ጊዜ፥ ይኸው አስፈጻሚ ጉባኤ፥ ሕዝብ በነጻ ድምፁ ሕግንና ሹምን በሚመርጥበት አገር እንዲህ ያለው ግድያ ያው የአምባገነንነት መንፈስ ነው ብሎ በይፋ አወገዘ። እንግዲህ ገዳዮቹ ራሳቸው፥ መናገር በተፈቀደበት ቦታ ቦምብ ምክንያት እንደሌለው መስክረዋል ማለት ነው፤ ይህም ምስክርነት አፍ ዘጊ የሆነውን መንግሥት ከተጠያቂነት አያወጣውም።

በእኛም አገር ቢሆን፥ ደርግ ከዚያ አስቀድሞ ደም ማፍሰስ የለመደ ሆኖ ሳለ፥ በ1969 ዓ.ም. ቀይ ሽብርን በአደባባይ ሲያውጅ «ነጭ ሽብር» ያለውን የከተማ ግድያ ምክንያት ማድረጉን የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ አልሸባብ በካምፓላ «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» በተባለው ምግብ ቤትና በአንድ የራግቢ ሜዳ፥ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን ይመለከቱ የነበሩትን ሰዎች በቦምብ ሲፈጅ፥ ከ70 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፉ፤ ምክንያቱም ኡጋንዳ ጦሯን ከሶማሊያ እንድታወጣ ለማስገደድ ነበረ። ኡጋንዳ ጦሯን አላወጣችም፤ የአፍሪካ ኅብረትም በዚያው ወር ኃይሉን ለመጨመር ወሰነ።

ስለዚህ ጥቂቶች የብዙዎችን ፈቃድ ሳይጠብቁ በብዙዎች ስም ለመፍረድ ሲቸኩሉ ሽብር ይወለዳል፤ ሽብሩ የሚያስፈራው መንግሥትም በፍርሃቱ ልክ ይከብዳል። በሥልጣን ላይ ያሉ የምክርን በር ሳይገደዱ ይክፈቱ፤ ወጣቶችም የተከፈተው ቢጠብባቸው በድምፃቸው ያስፉት እንጂ በደም አይዝጉት።