በነጻ የተከፈተ ሜዳ፤ የጆን ያንግ ታሪክ

ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ቤዝቦል መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ያልተጠበቀ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ወላጆች ስፖርት ሲባል ዓይናችን የሚሄደው ወደ ሩጫና ወደ እግር ኳስ ነው። ልጆቻችን ግን የሚያድጉት ቤዝቦል በሚጫወቱ ልጆች መካከል ነው። ደግሞስ በገና በዓል ሩር በዱላ ሲለጋ ያደገ ሰው ይህን ጨዋታ ጨርሶ ባዕድ ሊለው አይገባም። የምተርከው የሎስ አንጀለስን ታሪክ ሲሆን፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሚስተር ጆን ያንግ በ1949 ሎስ አንጀለስ ተወለዱ። በ1971 ለዲትሮይት ታይገርስ ክለብ በትልቁ ሊግ ሁለት ጨዋታ ተሰለፉ፤ አራት ጊዜ ዱላ ይዘው ቆመው ሁለቱን በሚገባ መቱ። በትልቁ ሊግ የነበራቸው ዘመን ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ስካውትነት ሆነ። የስካውት ሥራ በየትምህርት ቤቱና በየሜዳው እየዞሩ ተስፋ ያላቸውን ልጆች ፈልጎ ለክለብ ማመልከት ነው። ታዋቂ ተጫዋች ጡረታ ወጥቶ ስሙን ለበጎ አድራጎት ሲያውል ብዙ ጊዜ አይተናል። እኚህ ሰው ግን የሚያውሉት ዝና አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የሚያይ ዓይን ነው።

ያዩትስ ምን ነበር? ሳውዝ ሴንትራል የሚባለው የሎስ አንጀለስ ክፍል ቀደም ሲል የቤዝቦል ተጫዋቾች ምንጭ ነበር። ኋላ በ2002 እና በ2003 በተከታታይ ወደ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ የገቡት ኦዚ ስሚዝና ኤዲ መሪ ሁለቱም ሎክ በተባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሩ። ኤሪክ ዴቪስ ከፍሪሞንት፣ ዳሪል ስትሮቤሪ ከክሬንሾ ወጡ። በ1986 ግን ሚስተር ያንግ የክለቦችን ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ ሲመረምሩ ከእንዲህ ያሉ ሰፈሮች የተገኙት ልጆች እጅግ ጥቂት ሆነው አገኟቸው።

ችሎታው ከልጆቹ ደም ውስጥ አልጠፋም፤ የጠፋው መንገዱ ነው። በ1978 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ፕሮፖዚሽን 13 የተባለውን ሕግ በድምፁ አጽድቆ የቤትና የመሬት ግብር እንዳይጨምር ሲገድብ፣ በዚያ ግብር ይተዳደሩ የነበሩ ትምህርት ቤቶችና መናፈሻዎች በጀታቸው ተጎዳ። ቤዝቦል ደግሞ ወጪ የሚጠይቅ ጨዋታ ነው። ለቅርጫት ኳስ አንድ ኳስና አንድ ቀለበት ይበቃል፤ ለቤዝቦል ጓንት፣ ዱላ፣ ሄልሜት፣ ከዚያም በላይ ሣሩን የሚያጭድና አፈሩን የሚደለድል ሰው ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ ክራክ የተባለው ዕፅና የወሮበላ ቡድኖች ሰፈሩን ሲያውኩ፣ እናት ልጇን ሁለት መንገድ ተሻግሮ ወደሚገኝ ሜዳ መላክ ፈራች። ይህን የእናት ፍርሃት ከመካከላችን የማያውቀው ማን ነው?

ሚስተር ያንግ ይህንን የተረዱት ከወረቀት ሳይሆን ከሜዳ ይመስለኛል። የትንንሾቹ ሊግ 12 ዓመት ላይ ያበቃል፤ ልጁን ጎዳና የሚጠራውም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በ1989 በሳውዝ ሴንትራል የጀመሩት ሊግ ከ13 እስከ 16 ዓመት ላሉ ወንዶች ልጆች ነበር። ሐሳባቸውን ከደገፉት አንዱ የባልቲሞር ኦሪዮልስ ክለብ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሮላንድ ሄመንድ ናቸው። ስሙም አር ቢ አይ ተባለ፤ በከተማ ውስጥ ለቤዝቦል እንደገና ነፍስ ይዘራ ለማለት ነው። እነዚሁ ሦስት ፊደላት በጨዋታው ቋንቋ ሌላ ትርጉም አላቸው፤ አንድ ተጫዋች ኳሱን መትቶ ጓደኛውን ወደ ቤት ሲያስገባ የሚመዘገብለት ነጥብ ነው። በ1991 ትልቁ ሊግ አስተዳደሩን ተረከበ፤ ፕሮግራሙም ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ፣ ለሴቶች ልጆችም ሶፍትቦል ተጨመረ። የትምህርት ክትትልም ከዓላማዎቹ አንዱ ነው። በ2006 እዚያው አጠገብ በኮምፕተን ትልቁ ሊግ ለወጣቶች በነጻ የሚያሠለጥን አካዳሚ ከፈተ።

ከኦክላንዱ አር ቢ አይ ሁለት ልጆች ወጡ። ጂሚ ሮሊንስ በ2007 የናሽናል ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ፤ ሲ ሲ ሳባቲያ በ2025 ወደ ክብር አዳራሹ ገባ። ነገር ግን እውነቱን መደበቅ አይገባም። በ1991 ከትልቁ ሊግ ተጫዋቾች ከመቶ 18 ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ በ2023 ወደ 6 ወርዷል። በ2022 በዋንጫው የመጨረሻ ግጥሚያ ከተሰለፉት ሁለት ክለቦች በአንዱም አሜሪካ የተወለደ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከ1950 ወዲህ ታይቶ አያውቅም።

ይህን ይዘው ፕሮግራሙ ከሽፏል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ያ ሁሉ ሲሆን በሌላው ወገን ያለው ኃይል እየበረታ ነበር። አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን ከከተማ ከተማ በሚዞር የግል ቡድን ውስጥ በብዙ ገንዘብ ያስገባል፤ ስካውቱም የሚሄደው ወደዚያው ነው። ክለቦቹም በዶሚኒካን ሪፑብሊክ የራሳቸውን አካዳሚ ከፈቱ፤ ዓመታዊው ምርጫ እዚያ ስለማይሠራ ልጁን በ16 ዓመቱ በቀጥታ ማስፈረም ይችላሉ። አንድ ስካውት የጀመረው የሰፈር ሊግ ይህን ሁሉ ብቻውን ይመልሳል ብሎ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሚስተር ያንግ በግንቦት 2016 በ67 ዓመታቸው አረፉ። የጀመሩት ሊግ ዛሬም በብዙ ከተሞች አለ። ልጁን ማስመዝገብ የሚፈልግ ወላጅ የከተማውን የመናፈሻዎች ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ገና ብርዱ ሳይወጣ ነው።