ከቤት እስከ ምኩራብ ስንት ደቂቃ ነው? ስኩዊረል ሂል የተባለው የአይሁዳውያን ሰፈር

ቤት ስትከራዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? ኪራዩ ስንት ነው፣ ውሃ ይመጣል ወይ፣ ታክሲ ቅርብ ነው ወይ። አሜሪካ ውስጥ ሃይማኖቱን አጥብቆ የሚጠብቅ አይሁዳዊ ወጣት ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር ከኪራዩ እኩል የሚጠይቀው አንድ ሌላ ነገር አለ፦ ምኩራቡ በእግር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ምክንያቱ ሰንበት ነው። ዓርብ ጀምበር ስትጠልቅ ይገባል፣ ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ ሲታይ ይወጣል። የአይሁድ መምህራን በዚህ ቀን የማይሠሩ ብለው 39 ዓይነት ሥራ ለይተዋል፤ እሳት ማንደድ አንዱ ነው። የመኪና ሞተር የሚሄደው ነዳጅ እያቃጠለ ስለሆነ መኪና ማስነሳት እሳት ከማንደድ ይቆጠራል። ስልክም አይነካም። ስለዚህ ኡበር መጥራት የለም፣ በእግር ነው።

ይሄ ለእኛ ብዙም እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በጎንደር አካባቢ በሚኖርበት ዘመን በሰንበት እሳት አያነድም፣ ሩቅ መንገድም አይሄድም ነበር። ስለ ሰንበት ክብር የሚናገር ትእዛዘ ሰንበት የሚባል የግዕዝ መጽሐፍም አላቸው። ግን ገጠር መንደር ውስጥ ድሮም ሁሉም ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። ጣጣው የሚመጣው ለመኪና ተብሎ በተሠራ ከተማ ውስጥ ነው።

ደግሞ ብቻን ሆኖ ሁሉንም ጸሎት ማድረስ አይቻልም። ለአንዳንዶቹ ጸሎቶች፣ ለምሳሌ ሐዘንተኛ ለሞተበት ሰው ለሚያደርሰው፣ ቢያንስ 10 ሰው መሰብሰብ አለበት። ኦርቶዶክስ የሚባሉት አይሁዳውያን የሚቆጥሩት ወንዶችን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሴቶችንም ይቆጥራሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ርካሽ ቤት አግኝቶ ከከተማው ዳር ቢገባ አባቱን የሚያስታውስበትን ጸሎት በሰንበት ማድረስ ላይችል ነው። ጎረቤት እዚህ ላይ የሃይማኖት ጉዳይ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ አሜሪካውያን መኪና እየገዙ ከከተማ ወጡ፤ አይሁዳውያንም አብረው ወጡ። በ1950 ኮንሰርቫቲቭ የሚባለው የአይሁድ ክፍል (ስሙ አያሳስታችሁ፣ በጣም ከጠበቁትና ከላሉት መካከል ያለ ነው) ከምኩራብ ርቆ የሚኖር ሰው በሰንበት ለጸሎት መኪና እንዲነዳ ፈቀደ። ሐሳቡ ሰው ከጸሎት እንዳይቀር ነበር። ተቺዎች ግን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ሰው እንዲርቅ መንገድ ከፈተለት ይላሉ። እኔ ተቺዎቹ የያዙት ነገር ያለ ይመስለኛል። በመኪና ከተመጣ 20 ኪሎ ሜትርም ቅርብ ነው፣ ከጸሎት በኋላ ደግሞ ሁሉም በየፊናው ነው። ዲትሮይትንና ክሊቭላንድን ብታዩ የአይሁዳውያኑ ማእከል ከዋናው ከተማ ወጥቶ ዙሪያውን ወዳሉት ትንንሽ ከተሞች ሄዷል።

ፒትስበርግ ግን ከዚህ ትለያለች። ፔንሲልቬኒያ ያለችው ይህቺ የድሮ የብረት ከተማ ስኩዊረል ሂል የሚባል ሰፈር አላት። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት አይሁዳውያን መጀመሪያ የሰፈሩት ለመሃል ከተማው ቅርብ በሆነው ሂል ዲስትሪክት ነበር። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ኑሮ ሲሻሻል ወደ ስኩዊረል ሂል መጡ፣ በቃ እዚያው ቀሩ። ሰፈሩ ዛሬም በከተማው ክልል ውስጥ ነው፤ በ2017 የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ከአካባቢው አይሁዳውያን ቤተሰቦች ሩብ ያህሉ የሚኖሩት እዚሁ ነው።

ካርታ ላይ ክፈቱት። ፎርብስና መሪ የሚባሉት ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት መስቀለኛ የሰፈሩ ልብ ነው። ጥጉ ላይ የዕብራይስጥ ፊደላት ያሉት ሰዓት ታያላችሁ፤ የአይሁዳውያን ማኅበረሰብ ማእከል ነው። ጂምና መዋኛ ስላለው አይሁዳዊ ያልሆነውም ይመጣል። ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱም እዚያው ነው። ከዚያ ፎርብስ ላይ ቴምፕል ሳይናይ አለ፣ ላላ ያለውን የሪፎርም ሥርዓት የሚከተል። ቢከን መንገድ ላይ ቤት ሻሎም፣ ኮንሰርቫቲቭ። ሼዲ ላይ ፖአሌ ጼዴክ፣ ኦርቶዶክስ። እርስ በርስ በሃይማኖት የማይስማሙ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የእግረኛ መንገድ ይተላለፋሉ፣ "ሻባት ሻሎም" ይባባላሉ። ስሙ እንደሚለው ግን ሰፈሩ ኮረብታ ነው፤ በክረምት በረዶ ዳገቱን መውጣት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ። በሰንበት ዕቃ ከቤት ይዞ ወደ መንገድ መውጣትም ክልክል ነው። ቁልፍ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ መራመድ ያልጀመረ ሕፃን ሳይቀር። መፍትሔው ኤሩቭ ይባላል። ሰፈሩን በሙሉ የሚዞር ወሰን ይበጃል፤ ወሰኑ በአብዛኛው የመብራት ምሰሶና ሽቦ ነው። ሁለት ምሰሶና በላያቸው የተዘረጋ ሽቦ እንደ በር መቃን ይቆጠራል፣ የበሮቹ ሰልፍ ደግሞ እንደ አጥር። ከውስጡ ያለው ሁሉ እንደ አንድ ግቢ ስለሚታይ ዕቃ መያዝ ይፈቀዳል። አላፊ አግዳሚው ልብ አይለውም። ፒትስበርግም ኤሩቭ አላት፣ ስኩዊረል ሂልን ያካተተ።

ኤሩቭ በየሳምንቱ ሰንበት ሳይገባ ይፈተሻል። ነፋስ አንዱን ሽቦ ከበጠሰው ወድቋል ተብሎ ለሰው ይነገራል። ያኔ አራስ ያለችበት ቤት ምን ይሆናል? ጋሪ መግፋት ስለማይቻል እናትየው ብዙ ጊዜ ቤት ትውላለች። ለትንንሽ ልጆች እናት ኤሩቭ ሰንበቷን ከሰው ጋር መዋል ወይም አለመዋል ነው። ለዚህ ነው የቤት አከራዮች ማስታወቂያ ላይ "ኤሩቭ ውስጥ ነው" የሚል የምታዩት።

በእግር መሄድ ሌላም ገጽ አለው፤ ማን የት እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰበሰብ ሁሉም ያውቃል። ጥቅምት 27 ቀን 2018 በፈረንጆቹ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ታጣቂ ዊልኪንስና ሼዲ መንገዶች ጥግ ወዳለው ትሪ ኦፍ ላይፍ ምኩራብ ገባ። ሕንፃውን ሦስት ማኅበረ ምእመናን ይጋሩት ነበር። 11 ሰው ገደለ፤ ትንሹ 54 ዓመቱ ነበር፣ ትልቋ 97። በአሜሪካ ታሪክ በአይሁዳውያን ላይ ከደረሱት ጥቃቶች ብዙ ሰው የሞተበት ነው። ገዳዩ ቀደም ብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ሂያስ የተባለውን ስደተኞችን የሚረዳ የአይሁዳውያን ድርጅት ሲሳደብ ነበር። ስደተኛ ስለረዱ ማለት ነው። በ2023 ሞት ተፈረደበት።

የዚያን ዕለት ማታ ሰንበት ሲወጣ ሰዉ ሻማ ይዞ ፎርብስና መሪ ጥግ ተሰበሰበ። የጠሩት የሰፈሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ከሦስቱ ማኅበራት አንዱ፣ ኒው ላይት፣ ከዚያ ወዲህ የሚጸልየው ቤት ሻሎም ውስጥ ነው፤ ማለትም እዚያው ሰፈር፣ በእግር በሚደረስበት። ሌሎቹ ሁለቱ ብዙ ወደማይርቀው ሮዴፍ ሻሎም ሄዱ።

እና ዛሬ አንድ ተማሪ ካርኔጊ ሜሎን ወይም ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ቢደርሰው (ሁለቱም ጎረቤት ሰፈር ናቸው) እንዴት ነው ቦታውን የሚያገኘው? ስለ ምኩራቡ ድረ ገጹን ሳይሆን ሰውን መጠየቅ ይሻላል፤ በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው ይመጣል ወይ? ሕንፃው አምሮ የሚጸልየው ሁሉ የአያት እኩያ ሊሆን ይችላል። ምግቡን ኮሸር የሚያደርግ ከሆነ ሱቁንም በእግር ይለካዋል። የኤሩቩን ካርታ አይቶ ቤቱ ከመስመሩ በየትኛው በኩል እንደሆነ ያረጋግጣል፣ አንድ መንገድ መሻገር ልዩነት አለው። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ብዙ ምኩራብ በሩ ይቆለፋል ወይም ጠባቂ አለው፤ እንግዳ ሰው ድንገት ቅዳሜ ከመሄድ ዓርብ ሳይመሽ ኢሜይል መላክ አለበት፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ መልስ የሚሰጠው የለም።

ኢሜይሉ ላይ አዲስ መሆኑንና ብቻውን መሆኑን ቢጽፍ ጥሩ ነው። እንግዳን ለሰንበት ምግብ መጥራት የቆየ ልማድ ስለሆነ የሚመለስለት መልስ ብዙ ጊዜ "ዓርብ ማታ የት ነው የምትበላው?" የሚል ነው።